ተፅዕኖውን ተዪውና ሴቶቹን አሳዪኝ

የመጀመሪያው የጥናት ርዕሴ 19 ቃላት ነበሩት። መሃሉ ላይ «ተፅዕኖ» ይላል፣ መጨረሻው ላይ «በኢትዮጵያ ባህል» ይላል። ስለ ቃና ቴሌቪዥን ነበር፤ ወደ አማርኛ ተተርጉመው ስለሚታዩት የቱርክ ድራማዎች። አማካሪዬ ወረቀቱን አየ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ «የትኛው ባህል?» አለኝ። ዝም አልኩ። «ማን ነው የሚያየው?» «ሴቶች ይበዛሉ።» «የት ቁጭ ብለው? ከማን ጋር?» አሁንም ዝም። «በይ ተፅዕኖውን ተዪውና ሴቶቹን አሳዪኝ» ብሎ ወረቀቱን መለሰልኝ።

ያን ቀን ተናድጄ ታክሲ እንኳ ሳልይዝ በእግሬ ነው የሄድኩት። ዛሬ የአክስቴ ልጅ በሚዲያና ባህል ጥናት ማስተርስ ጀምራ በየሳምንቱ ትደውላለች። «እንዴት ነበር ያደረግሽው?» ስትለኝ ከዚያች ቀን ነው የምጀምርላት። በስልክ የነገርኳትን ለሌላም ሰው ከጠቀመ ብዬ ጻፍኩት። ቀን ቢሮ፣ ማታ ክፍል እያልኩ የተማርኩ ሰው ነኝ። ጊዜ የተረፈው ተማሪ ምክር ከፈለጋችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ስለ ርዕስ ትንሽ ልቆይ፤ አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። «ተፅዕኖ» የሚለው ቃል ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ግን አንድ ነገር ሌላውን ቀይሮታል ለማለት፣ ያ ነገር ከመምጣቱ በፊት የነበረውን ማወቅ አለባችሁ። ወይም ድራማውን የሚያይና የማያይ ሰው አስተያይታችሁ ልዩነቱ ከሌላ ነገር እንዳልመጣ ማሳየት አለባችሁ። ለ150 ሰው መጠይቅ በትናችሁ «ድራማው ባህላችንን ይጎዳል ብለው ያምናሉ?» ብትሉ የምታገኙት ሰው ስለ ድራማው ያለውን አስተያየት ነው። ተፅዕኖውን አይደለም። ደግሞም ፍርዱ ርዕሱ ላይ ተሰጥቶ አልቋል። ቃና በ2008 ዓ.ም. ሲጀምር ከኪነ ጥበብ ባለሙያዎች ተቃውሞ ተነሥቶ፣ አገሩ ሁሉ ይከራከር ነበር። እኔም ያን ክርክር እንዳለ አንስቼ የጥናት ጥያቄ አደረግኩት። በክርክር ውስጥ ግን መልሱን አስቀድሞ የያዘ ሰው ነው ያለው። የጥናት ጥያቄ መልሱን የማታውቁት ነገር መሆን አለበት።

እኔ የደረስኩበት መፈተኛ እናቴ ናት። ቡና ስትለቅም አጠገቧ ቁጭ ብዬ ጥያቄዬን ባማርኛ አነብላታለሁ። «እኔ ምኑን አውቄው» ካለች ጥያቄው ገና ሰማይ ላይ ነው። «ታዲያ ይሄ ምን ይጠየቃል?» ካለች መልሱ የታወቀ ነው። «ኧረ እሱ እንኳ እንደዛ አይደለም፣ እኛ ሰፈር…» ብላ ወሬ ከጀመረች ያዙት። የእኔ አራተኛው ሙከራ ነው ያለፈው። በአንድ ሰፈር ፀጉር ቤት ውስጥ ሴቶች የተተረጎመ ድራማ አብረው ሲያዩ ስለ ምን ያወራሉ? ይኸው ነው። እናቴ ግማሽ ሰዓት አወራች።

ቀጥሎ ሌላው ሰው ምን እንደሠራ ማየት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች በኢንተርኔት ማከማቻው ላይ ይገኛሉ፤ በነጻ ይወርዳሉ። ከርዕሳችሁ ጋር የሚቀራረቡ አሥር ያህል አውርዱ። ሁሉንም ከዳር እስከ ዳር ማንበብ አይጠበቅባችሁም። የአሠራር ዘዴውን ምዕራፍና «የጥናቱ ውስንነት» የሚለውን አንብቡ። ሰው ሐቁን የሚናገረው እዚያ ነው። አንዷ ተመራማሪ ወንዶችን ለማነጋገር እንደተቸገረች ጽፋ ነበር። ያች አንድ አንቀጽ ሁለት ወር አዳነችኝ፤ ወንዶቹን ከመጀመሪያው ተውኳቸው።

የድሮ ጋዜጣ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ሁለት ቦታ አለ። አንዱ ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ነው። ሌላው ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም። አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተም ጋዜጣ ስለሆነ፣ ቴሌቪዥን አገራችን በ1957 ሲገባ ሰው ምን እንዳለ ማየት ይቻላል። ምን ዓይነት ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብላችሁ፣ ስንት ሹራብ ለብሳችሁ እንደምታነቡ ግን አልነግራችሁም። ብቻ ሹራብ ያዙ።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። ጋዜጣው ላይ ያለው ቀን የእኛ ነው፤ ቴሲሱ፣ ማለትም የመመረቂያ ጽሑፉ፣ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ያለው 7 ዓመት ሲጨመርበት፣ ከዚያ በኋላ ያለው 8 ነው። በጅምላ 8 የደመረ ሰው ጥቅምትን ወደማይገባው ዓመት ይወረውረዋል። ሁለተኛው ሰዓት ነው። እኔ «ድራማው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ይታያል» የሚለውን ስተረጉም፣ በእንግሊዝኛው አቆጣጠር 2 ማለት ሲገባኝ ቁጥሩን እንዳለ 8 ብዬ ገለበጥኩት። ፕሮፖዛል ሳቀርብ አንዱ መምህር «ይሄ ፀጉር ቤት እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚያመሸው?» አለኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ ለምን እንደሳቁ የገባኝ ቤት ከደረስኩ በኋላ ነው።

ንድፈ ሐሳብ። ተማሪ የሚፈራው ይሄን ነው፤ በእኔ አስተያየት ብዙም አያስፈራም። እኛ ጋ ሁሉም የሚጠቅሰው ስቱዋርት ሆልን ነው። ጃማይካ ተወልዶ እንግሊዝ አገር የኖረ ምሁር ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. በተቋቋመው የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ የባህል ጥናት ማዕከል ውስጥ ሠርቷል፣ መርቶታልም። በ1973 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ጽሑፍ ተመልካች መልእክትን በሦስት መንገድ ሊፈታ ይችላል አለ። እንደተላከለት የሚቀበል አለ፣ ከራሱ ኑሮ ጋር እያስማማ ግማሹን የሚወስድ አለ፣ ገልብጦ የሚቃወም አለ። ጥሩ ሐሳብ ነው። ችግሩ እኛ ሦስት ሳጥን አድርገን ሰው እየለቀምን መክተታችን ነው።

አንዲት ደንበኛ ነበረች። ኩዌት ለዓመታት በቤት ሠራተኝነት ኖራ የተመለሰች። ቴሌቪዥኑ ላይ አንዲት አማት ልጇን ትቆጣለች። «ልክ ናት፣ እናት አይደለችም እንዴ» አለች። ትንሽ ቆይታ፣ ልጁ ከቤት ሲወጣ፣ «ይሄ ግን እኛ ጋ አይሠራም፣ እናቱን ጥሎ ወዴት ይሄዳል» አለች። ከዚያ ካሜራው ያንን የሚያክል ሳሎን ሲያሳይ ፈገግ ብላ «ይሄን ሁሉ መስተዋት ማን እንደሚወለውለው እኔ ነኝ የማውቀው» አለች። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስቱንም ሆነች። የቱ ሳጥን ላይ ላስቀምጣት? ያን ቀን ነው ሆል የገባኝ። ሦስቱ የሰው ዓይነቶች አይደሉም፤ አንድ ሰው የሚመላለስባቸው ቦታዎች ናቸው።

እሷው ናት ሌላም ነገር ያስተማረችኝ። የቱርክ ድራማ ለእሷ አዲስ አልነበረም። ኩዌት እያለች በዐረብኛ አይታዋለች። የቱርክ ድራማዎች በሶርያ ዘዬ ተተርጉመው ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዐረቡን ዓለም አጥለቅልቀውት ነበርና። እኔ «ቃና ያመጣው» እያልኩ ስጽፍ እሷ ሳቀችብኝ። ከቤይሩት፣ ከዱባይ፣ ከጅዳ የተመለሱ ስንት ሴቶች ቀድመው ያውቁታል! ይሄን መጽሐፍ ላይ አላገኘሁትም።

ስለዚህ ምክሬ ይሄ ነው። ፕሮፖዛሉ ንድፈ ሐሳብ ግድ ስለሚል ጻፉበት፤ ግን በልባችሁ «ጊዜያዊ» በሉት። ሁለት ሳምንት ሰው መሃል ከቆያችሁ በኋላ ተመልሳችሁ አንብቡት። አንዳንዱ አንቀጽ ያኔ ነው አማርኛ የሚሆንላችሁ።

አሁን ወደ መግባቱ። የትብብር ደብዳቤ ያስፈልጋል። «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል፣ ማኅተም ያለበት። የእኔ ለመውጣት ሦስት ሳምንት ፈጀ። ማኅተሙ ደምቆ የታተመበትን ወረቀት ይዤ ፀጉር ቤቱ በር ላይ ስቆም የባለቤቷ ፊት ተለዋወጠ። «ከገቢዎች ነሽ?» አለችኝ። አይደለሁም አልኩ። «ከወረዳ?» ብላ ደገመች። ደብዳቤውን አንድም ቀን አላነበበችውም። ቦርሳዬ ውስጥ መልሼ ከተትኩና «በቃ ፀጉሬን እጠቡኝ» አልኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ነው በደንብ ያስረዳኋት። ታጥቤ፣ ተተኩሼ፣ አንዴም ሹሩባ ተሠርቼ። ደብዳቤው ለመሥሪያ ቤት ይሠራል፤ ለሰው ቤት ግን ቁጭ ማለት ነው። ወጪውን አስቡበት። እኔ ዘጠኝ ሳምንት ስመላለስ ለፀጉሬ ያወጣሁት ከሕትመቱና ከጥረዛው በልጧል። የጥናት ባጀት ሠንጠረዥ ላይ «ፀጉር» ብሎ መጻፍ ስለማይቻል «ልዩ ልዩ» አልኩት።

ፈቃድ መጠየቅ ግን ቀልድ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው የሚሰጣችሁ ቅጽ ፊርማ ይጠይቃል። እኛ አገር ደግሞ «ፈርሚ» የሚባል ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ክፉ ነገር ነው። ከአሥራ አራቱ ሴቶች የፈረሙት ሦስት ብቻ ነበሩ። ከአማካሪዬ ጋር ተነጋግረን በቃል አደረግነው። ቅጹን ባማርኛ አነብላቸዋለሁ። ምን እንደምጽፍ፣ ስማቸው እንደማይወጣ፣ ባሻቸው ሰዓት ማቆም እንደሚችሉ። «እሺ» ሲሉ ድምፁ ይቀረጻል። ይሄን ለውጥ ግን አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ በኋላ «የፈረሙበት የታለ?» የሚል ፈታኝ አይጠፋም። ስም መቀየር ብቻውን እንደማይበቃም እወቁ። «ኩዌት የኖረች፣ ከፋርማሲው አጠገብ የምትኖር» ካላችሁ ሰፈሩ ያውቃታል። ሠፈሩን አልጠቀስኩም፣ ፋርማሲዋንም አጠፋኋት።

ቀረጻው ላይ የደረሰብኝን ልንገራችሁና እናንተ ዳኑ። የመጀመሪያውን ቀን ስልኬን መደርደሪያው ላይ አስቀምጬ ሁለት ሰዓት ቀዳሁ። ቤት ገብቼ ስከፍተው የሚሰማው የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ብቻ ነው። ቩ… እያለ ሁለት ሰዓት። ሰው መኖሩ ራሱ አይታወቅም። ከዚያ በኋላ የቡድን ወሬውን በማስታወሻ ብቻ ያዝኩት፤ የተናጠል ቃለ መጠይቁን ደግሞ ጠዋት፣ ቤቱ ሳይሞላ፣ ከጓሮ አደረግኩት። ደብተሬን ለሁለት ከፈልኩ። በግራ ያየሁትና የሰማሁት፣ በቀኝ የመሰለኝ። ሁለቱ ሲደባለቁ ከወር በኋላ የቱን አይታችሁ የቱን እንደገመታችሁ አታውቁም። ማስታወሻው ደግሞ የዚያኑ ማታ መጻፍ አለበት። «ነገ እጽፈዋለሁ» ያልኳቸው ሁለት ቀናት እስከ ዛሬ ባዶ ናቸው።

ካስኩ ግን ኋላ ካሰኝ። ካስክ ውስጥ ያለች ሴት ቴሌቪዥኑ አይሰማትም፤ ምስሉን ብቻ ነው የምታየው። ስለዚህ ጎረቤቷን ትነካና «ምን አለ?» ትላለች። ጎረቤቷ ትነግራታለች። ስትነግራት ግን እንዳለ አትነግራትም። ታሳጥረዋለች፣ ትጨምርበታለች፣ «ይሄ ዱርዬ» ትለዋለች፣ የሰፈር ሰው ምሳሌ ትጠቅሳለች። ድራማው ከቱርክኛ ወደ አማርኛ አንዴ ተተርጉሟል፤ እዚህ ሁለተኛ ይተረጎማል። የቴሲሴ ሦስተኛ ምዕራፍ ከዚህች «ምን አለ?» ነው የወጣው። ቀረጻው ባይበላሽ ኖሮ ስለ ካስክ አስቤም አላውቅ።

ድምፅን ወደ ጽሑፍ መገልበጥ የሚያስጠላ ሥራ ነው፤ የአንድ ሰዓት ወሬ እኔን ስድስት ሰዓት ይፈጅብኝ ነበር። ባማርኛ ገልብጡት። በቀጥታ ወደ እንግሊዝኛ እየተረጎማችሁ አትጻፉ፤ የተናገሩት ቃል ለዘላለም ይጠፋል። ከዚያ ደግሞ የሞክሼ ፊደላት ጣጣ አለ። «ሠራተኛ» የሚለውን ቃል ፋይሌ ውስጥ ስፈልግ 11 ቦታ አገኘሁት። እንዴት አነሰ ብዬ በዓይኔ ስለቅም 27 ሆነ። ለካ ግማሹን «ሰራተኛ» ብዬ ነው የጻፍኩት! ለኮምፒውተር «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ»፣ «ፀሀይ» ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ገና ስትጀምሩ አንድ ገጽ የአጻጻፍ ደንብ ለራሳችሁ አውጡና ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ትክክለኛው የቱ ነው የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ተዉት፤ እናንተ ብቻ አንዱን ያዙ። ከሰው የተቀበላችሁት የቆየ ፋይል ስትከፍቱት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ከሆነ ደግሞ አትደንግጡ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ብዙ ሰው በድሮዎቹ ፎንቶች ጽፏል። ፎንቱን ፈልጎ መጫን ወይም የሚቀይር ፕሮግራም ማግኘት ነው።

ቅጂ አስቀምጡ፣ መቼም ይሄን ሁሉም ይላል። እኔ የምጨምረው፣ የሰው ድምፅ ቴሌግራም ላይ «ለራሴ» ብላችሁ አትጫኑ። ስልካችሁን የወንድማችሁ ልጅ ይከፍተዋል። ፍላሽ ገዝታችሁ በመክፈቻ ቃል ቆልፉትና ቤተሰብ ጋ አስቀምጡ።

ወደ ትንተናው። ብዙ ሰው ብራውንና ክላርክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጡትን ባለ ስድስት ደረጃ የጭብጥ ትንተና ዘዴ ይጠቀማል፤ እኔም። ደረጃዎቹን ራሳችሁ አንብቧቸው። እኔን የቸገረኝ ርዕሰ ጉዳይንና ጭብጥን መለየት ነበር። «ፍቅር»፣ «አማት»፣ «ልብስ» እያልኩ ወረቀት ቆራርጬ ግድግዳ ሞላሁ። አማካሪዬ ፎቶውን አይቶ «ይሄ የሱቅ ዝርዝር ነው» አለኝ። ጭብጥ ማለት ዓረፍተ ነገር ሆኖ የሚነበብ ነው። «አማት» አይደለም፤ «ስለ ቴሌቪዥኗ አማት እያወሩ ስለራሳቸው አማት በይሉኝታ ያልተናገሩትን ይናገራሉ» ነው። ይህቺን «ይሉኝታ» ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ ስመልስ ሦስት ቀን ጨረሰች። በመጨረሻ በአማርኛ ፊደል እንዳለች ተውኳትና ከጎኗ አንድ አንቀጽ አብራራሁ። የሴቶቹንም ንግግር እንዲሁ በፊደል አስገብቼ ከሥሩ ትርጉሙን አደረግኩ። ገጽ ይጨምራል። ይጨምር።

ስለ አማካሪ ሁለት ነገር ብቻ። ምዕራፍ ልካችሁ «እንዴት አዩት ዶክተር?» አትበሉ፤ መልስ አይመጣም። «ገጽ 12 ላይ እነዚህን ሁለቱን ላዋህዳቸው ወይስ ልለያቸው?» በሉ፤ በማግሥቱ ይመለሳል። ከተገናኛችሁ በኋላ ደግሞ የተስማማችሁበትን በአራት መስመር ጽፋችሁ ላኩላቸው። «እኔ እንደዚያ አላልኩም» የሚባለውን ነገር ያስቀራል።

ጥናቴን ፈታኞች ፊት በተከላከልኩበት ቀን የውጭ ፈታኙ እንደሚጠይቁ እርግጠኛ የነበርኩትን ጠየቁኝ። «14 ሴት ብቻ? ይሄ አዲስ አበባን ይወክላል?» አይወክልም አልኩ። አገር መወከል አልሞከርኩም፤ አንድ ነገር እንዴት እንደሚሆን ከቅርብ ለማየት ነው አልኩ። ከዚያ የሚዲያ ተመራማሪዋን የኢየን አንግን ምሳሌ አነሣሁ። ሆላንድ ውስጥ ዳላስ የተባለውን የአሜሪካ ድራማ ስለሚያዩ ሰዎች ስታጠና፣ በአንድ የሴቶች መጽሔት ማስታወቂያ አውጥታ የመጡላትን 42 ደብዳቤዎች ነው ያነበበችው። እስካሁን በመላው ዓለም ትጠቀሳለች። ፈታኙ ራሳቸውን ነቀነቁ። ተስማሙ ወይስ ተውኝ፣ አላውቅም። ማስተካከያዎቹን በሁለት ሳምንት ጨረስኩ፣ አሳተምኩ፣ አስጠረዝኩ።

አንዱን ቅጂ ፀጉር ቤት ወሰድኩት። ባለቤቷ እንግሊዝኛውን እየዘለለች ፊደል ፊደሉን ትፈልጋለች። ገጽ 63 ላይ ቆመች። አነበበች። ደግማ አነበበች።

«ይሄ እኔ ነኝ?»

«አዎ።»

«እኔ መቼ ነው ‹ታሳዝነኛለች› ያልኩት? ‹አንጀቴን በላችው› ነው ያልኩት።»

ደብተሬን ቤት ሄጄ አየሁ። ልክ ናት። ስገለብጥ ለጽሑፍ ይሻላል ብዬ ያስተካከልኩት እኔ ነኝ። እናንተ የገለበጣችሁትን ከጥረዛ በፊት ወስዳችሁ አንብቡላቸው። እኔ የእሷን ቅጂ በእስክሪብቶ አረምኩላት። ቤተ መጻሕፍት የገባው ግን እስከ ዛሬ «ታሳዝነኛለች» ነው የሚለው።